ማር የጠገበው ደወል

ቦንጋ መጥታችሁ ከገበያው ከፍ ብላ ስለቆመችው የሉተራን ቤተ ክርስቲያንና ስለ ትምህርት ቤቷ ታሪክ ብትጠይቁ ወደ እኔ ነው የሚልኳችሁ። በየዓመቱ የምሥረታ በዓሏ ሲከበር ታሪኩን የማወራው እኔ ነኝ። ማይክ ከያዝኩ ደግሞ ቶሎ አልለቅም፤ ባለቤቴ ከፊት ወንበር ሆና ሰዓቷን ብታሳየኝም አላይም። የደወሉ ወሬ ላይ ስደርስ ሕዝቡ በሳቅ ይፈርሳል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ዛሬ ግን ሰዓት የሚያሳየኝ ሰው ስለሌለ ነገሩን ከሥር መሠረቱ ላጫውታችሁ።

ጊዜው ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት የገባ ሰሞን ነው። እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ገና የወጣሁ፣ ኪሴ ባዶ፣ ምላሴ ግን ረጅም የሆነ ጎረምሳ ነበርኩ። አያቴ ሹም ተከትለው ከሰሜን መጥተው ቦንጋ የቀሩ ሰው ናቸው፤ እናቴ ደግሞ የማርያምን ጽዋ አጓድላ አታውቅም። የመንግሥት ምደባዬ ሲዘገይ ሉተራኖቹ ትምህርት ቤት በጊዜያዊነት ተቀጠርኩ። እናቴ ይህን ስትሰማ ጉድ ፈላ።

«ጴንጤ ሆነህ ከመጣህ በዚህ በር እንዳታልፍ!» አለችኝና ጠዋት ጠዋት ጸበል እየረጨች ትሸኘኝ ጀመር። ክፍል የምገባው አንገቴ እርጥብ ሆኖ ነው። እኔ እንኳ ለጊዜው ነው ብዬ ነበር። ምደባዬ ሲመጣ ጅማ ሄጄ ሰው እሆናለሁ እያልኩ ሻንጣዬን አሰናድቼ እጠብቅ ነበር።

ትምህርት ቤት አልኳችሁ እንጂ ቤት አልነበረውም። በንጉሡ ጊዜ አንድ ሰባኪ በበቅሎ መጥቶ ዛፍ ሥር ፊደል ማስቆጠር ጀመረ። ዝናብ ሲያስቸግር ክፍሎች ተሠሩ፣ ከክፍሎቹ ፊት ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ። እንግዲህ እኛ ጋ ትምህርት ቤቱ ነው ቤተ ክርስቲያኑን የወለደው። የከተማው ሰው፣ ኦርቶዶክስ ይሁን ምን ይሁን፣ ሀ ሁ ያለው እዚያ ነው። ከዚያ ደርግ መጣና አሸገው። ቤተ ክርስቲያኑ የቀበሌ አዳራሽ ሆነ፣ ክፍሎቹ የማዳበሪያ መጋዘን። እኔ በተቀጠርኩበት ጊዜ ልጆቹ የሚማሩት የግለሰብ ግቢ ውስጥ፣ ጣሪያው በሚያፈስ ጭቃ ቤት ነበር። ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ክፍል ወደ አንድ ጥግ ይጠጋና እኔ ሒሳብ፣ ጓደኛዬ አማርኛ፣ እኩል እንጮሃለን።

ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በዚህ ተማረረና ቁርጡን ነገረን። ለመጪው ዓመት የረባ ቤት ካላገኘን ፈቃድ የለም፤ ልጆቹ ይበተናሉ። ከተማው ውስጥ ያለው ሌላ ትምህርት ቤት ጢም ብሎ ሞልቶ ስለነበር መበተን ማለት ቡና ለቀማ መሄድ ማለት ነው።

ቤቱን ለማስመለስ አንድ መንገድ ነበር። በደርግ የተወረሱ የሃይማኖት ቤቶችን ጉዳይ የሚያይ ኮሚቴ ከዞን ሊመጣ ነው። ችግሩ ማስረጃ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት ቤቱ በታሸገ ጊዜ ተቃጥሏል። ሽማግሌዎች ቢመሰክሩ «የራሳችሁ ሰዎች ናቸው» ይባላል። ተከራካሪያችን ደግሞ የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ወዳጆ ናቸው።

አቶ ወዳጆን ላስተዋውቃችሁ። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሹም ነበሩ፣ ካኪ ለባሽ። መንግሥት ሲለወጥ ካኪያቸውን አውልቀው ኮት ለበሱና እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፊደል የቆጠሩት በዚሁ ትምህርት ቤት ነው። ግን «አዳራሹን የሠራው ሰፊው ሕዝብ ነው!» ብለው ድርቅ አሉ። ከአዳራሹ ፊት፣ ከጣሪያው ሥር አንድ ትልቅ የብረት መንጠቆ ነበር። «ይህ የደወል መስቀያ ነበር» ስንላቸው «የእህል ሚዛን መስቀያ ነው» አሉን።

ተስፋ የቆረጥን ሰሞን የቤተ ክርስቲያኑ የድሮ ደወል ደዋይ፣ ጋሽ ኮጪቶ፣ ከማንኪራ ጫካ መጥተው ከክፍል ውጭ ጠበቁኝ። ጋሽ ኮጪቶ ማር ቆራጭ ናቸው። ጫካው ውስጥ ዛፍ ላይ የሚሰቀል ቀፎ ያላቸው፣ ትንሽ የሚናገሩ፣ ብዙ የሚስቁ ሽማግሌ። ያን ቀን ግን አልሳቁም።

«መምህር፣ ደወሉ አለ» አሉኝ።

«የት?»

«ማንኪራ። ዛፍ ላይ፣ ቀፎ ውስጥ።»

ጠጥተው እንደሆነ ብዬ ጠጋ ብዬ አሸተትኳቸው። እንኳን ሊጠጡ።

«ቤቱ በታሸገ ማግስት ነው ያወረድኩት» አሉ። «እንዳይጮህ ምላሱን በኮባ ጠቀለልኩት። ትልቅ የግንድ ቀፎ ውስጥ ከኋላ በኩል ከተትኩትና በክዳን ደፍኜ በእበት መረግኩበት። ከፊት ለንቡ ቦታ ተውኩለት። ንብ ገባ። ማር የሚቆረጠው ከፊት ነው፣ ከኋላ ማን ያያል?»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን? እናውርደዋ!»

«የእኔ አይደለማ።»

«እንዴት የእርስዎ አይደለም?»

«በቤትህ ጸሎት አደረግክ ተብዬ ታስሬ ሳለሁ ልጄ አልማዝ ተዳረች። ሚስቴ ለአማቻችን ዛፍ ስትሰጥ፣ ትልቁን ዛፍ ከነቀፎው ሰጠችው። ምን እንዳለበት አታውቅም። እስር ቤት ሆኜ ስሰማ ራሴን ይዤ ቁጭ አልኩ።»

«አማችዎ ማን ናቸው?»

«ወዳጆ ነዋ!»

ሳቄ ሊያፍነኝ ደረሰ። «ደወል አልነበረም» የሚሉት ሰውዬ ስንት ዓመት ሙሉ የደወሉን ማር ሲልሱ ኖረዋል! ይሁን እንጂ ነገሩ የዋዛ አይደለም። ካፋ ውስጥ የሰው ቀፎ ያለበት ዛፍ ላይ መውጣት የሰው ጓዳ ሰብሮ ከመግባት ይብሳል። ባለቤቱ ካልሆነ ማንም አይነካውም። የአማችን ዛፍ መንካትማ ጭራሽ አይታሰብም።

«ቢነግሯቸውስ?»

«ያኔ ብነግረው ወይ ያሳስረኛል ወይ አብሮኝ ይታሰራል። አሁን ብነግረው ወንዝ ውስጥ ይጥለዋል ብዬ ፈራሁ። ልጄን ያገባ ሰው ነው፤ ጥሎት ካየሁ በኋላ ቤቱ እንዴት እገባለሁ?»

እንግዲህ ተንኮል የሚባለው ነገር ያኔ ነው ከራስ ጠጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ የወረረኝ። «ጋሽ ኮጪቶ፣ አቶ ወዳጆ ራሳቸው፣ በኮሚቴው ፊት፣ የራሳቸውን ቀፎ ቢያወርዱስ? ገመዱን የሚይዙት እርስዎ ቢሆኑስ? እጅዎ ድንገት ቢከዳዎትስ?»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ እናትህ ጸበሉን ብታበዛብህ ይሻላል» አሉና በመጨረሻ ሳቁ። እሳቸው ለምልክት ሲያስሉ ሁለታችንም ገመዱን እንድንለቅ ተስማማን።

በማግስቱ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። አቶ ወዳጆ ማኅተም እያሹ ነበር።

«ሊቀመንበር፣ የኮሚቴዋ ሰብሳቢ ወይዘሮ ሰናይት ትኩስ ማር ነፍሳቸው ነው ይባላል» አልኳቸው። «የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ከጋሽ ኮጪቶ ቀፎ ሊያቀምሷቸው ነው አሉ። ቀበሌው ባዶ እጁን ከሚታይ ብዬ ነው።»

አቶ ወዳጆ ማኅተሙን አስቀመጡ። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ጋሽ ኮጪቶ ናቸው የላኩህ?»

«ኧረ በጭራሽ! እኔው ነኝ፣ ለቀበሌው አስቤ።»

«የእሳቸው ቀፎዎች ዘንድሮ ባዶ ናቸው» አሉ። «ማር ያለው የእኔ ትልቁ ዛፍ ላይ ነው። እኔ ራሴ እወጣለሁ። ገመዱን የሚይዝልኝ ሰው ግን ያስፈልገኛል።»

«ጋሽ ኮጪቶ ይይዙልዎታል!» አፌ ቀደመኝ።

«ይሁና» አሉና ወደ መስኮቱ ዞረው ማሳል ጀመሩ። እኔ በሩን ዘግቼ ስወጣ ከደስታ ብዛት ልዘል ምንም አልቀረኝ። እንዲህ በቀላሉ የሚሸወድ ሹም አይቼ አላውቅም።

ኮሚቴው መጣ። ጠዋት አዳራሹን አዩ፣ መንጠቆውን አዩ። አቶ ወዳጆ ስለ ሰፊው ሕዝብ ተናገሩ፣ ስለ ሚዛኑ ተናገሩ፣ ከንፈራቸው እስኪደርቅ ተከራከሩ። ወይዘሮ ሰናይት መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እኛ ዞሩ።

«እናንተስ? የሚታይ የሚዳሰስ ነገር አላችሁ?»

እኔ ጫማዬን አየሁ።

«እንግዲያው ከሰዓት ውሳኔያችንን እንጽፋለን» አሉ። የልጆቹ ፊት አንድ በአንድ መጣብኝ። ነገሩ ሁሉ በአንድ ቀፎ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

አቶ ወዳጆ ግን ወዲያው «እስከዚያ ማንኪራ ወርደን ማር እንቅመስ!» አሉና እንግዶቹን ሰብስበው መኪና ላይ አሳፈሩ። መኪናው የሚደርስበት ደርሶ ከዚያ በእግር ቡናውን እየጣስን ገባን። ጋሽ ኮጪቶ ዛፉ ሥር ቆመው ይጠብቁን ነበር።

«ንብ በጠራራ ፀሐይ አይነካም» አሉ አማቻቸውን ሳያዩ። ይህ እውነተኛ የባለሙያ ቃል ነው። ማር ቆራጭ የሚወጣው ከመሸ ነው።

«እንግዳ አይመሽለትም» አሉ አቶ ወዳጆ። ኮታቸውን አውልቀው፣ የሚጨስ ችቦ ይዘው ወጡ። በዚያ ዕድሜያቸው ዛፍ ሲወጡ ብታዩ ሹም አይመስሉም ነበር። ቀፎውን በገመድ አሰሩ። ገመዱ በቅርንጫፉ ላይ ዞሮ ወደ እኛ ወረደ። ጋሽ ኮጪቶ ከፊት ያዙ፣ እኔ ከኋላ። ወይዘሮ ሰናይት ሳህን ይዘው ከሥር ሊጠጉ ሲሉ ጋሽ ኮጪቶ «እመቤቴ፣ ፈንጠር ይበሉ» አሏቸው።

ቀፎው ከቅርንጫፉ ተላቀቀ። ትንሽ ወረደ። ሳሉን እየጠበቅኩ ነው። ሳል የለም። ድንገት ገመዱ እጄ ላይ ላላ አለና ቀፎው ዷ! ብሎ መሬት ላይ ፈረጠ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለመተረክ ዓይን ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ አንዱ ዓይኔ ወዲያው አብጦ ተዘጋ። ንቡ እንደ ደመና ተነሳ። የኮሚቴው ጸሐፊ ቦርሳውን ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ ቡና ውስጥ ጠፋ። ወይዘሮ ሰናይት ነጠላቸውን ተከናንበው ጅረቱ ውስጥ ገቡ፣ ሳህኑን ግን አልለቀቁም። እኔ «ማርያም! ማርያም!» እያልኩ ሮጥኩ። አብረውን የመጡት የሉተራኑ ሽማግሌ ደግሞ ከኋላዬ «እየሱስ! እየሱስ!» ይላሉ። ንቡ ሃይማኖት ሳይለይ ነደፈን።

ጭሱ በዝቶ ንቡ ሲረጋ አንድ በአንድ ተመለስን። ሁለት ቦታ ከተሰነጠቀው ግንድ መካከል፣ ማር ውስጥ ተነክሮ፣ ደወሉ ተጋድሟል። ጋሽ ኮጪቶ ተንበረከኩ። ምላሱ ላይ የተጠመጠመውን ጨርቅ ፈቱ። ጨርቁን አዩት፣ አገላብጠው አዩት፣ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ደወሉን አንስተው አንዴ መቱት። ጫካው ሁሉ ጮኸ። ሽማግሌው እንደ ልጅ አለቀሱ፣ እኔም ያበጠ ዓይኔ እንባ ማውጣት መቻሉን ያን ጊዜ አወቅኩ።

ወይዘሮ ሰናይት ማሩን በጣታቸው ጠረግ አድርገው ከከንፈሩ ዙሪያ የተቀረጸውን አነበቡ። የቤተ ክርስቲያኑ ስም፣ ቀጥሎ «ቦንጋ»። ከዛፍ የወረዱትን ሊቀመንበር ቀና ብለው አዩ።

«አቶ ወዳጆ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ደወል ነው።»

«እርስዎ ቀፎ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«እኔ ነኝ ያቆየሁት» አሉ ሰውዬው፣ ፊታቸው ንቅንቅ ሳይል።

ከንፈሬን ነክሼ ሳቄን ያዝኩት። ምን ዓይነት ዓይን ያወጣ ሰው ነው! «ታዲያ ጠዋት የሚዛን መስቀያ ነው ያሉን?» አሉ ወይዘሮ ሰናይት።

«ጠዋት የቀበሌው ሊቀመንበር ነበርኩ። አሁን ባለ ቀፎ ነኝ።»

ሰብሳቢዋ ወደ ጋሽ ኮጪቶ ዞሩ። «እውነት ነው?»

ጋሽ ኮጪቶ መሬት መሬት እያዩ «እውነታቸውን ነው፣ እሳቸው ናቸው ያቆዩት» አሉ። ድምፃቸው ተቆራረጠ። ሳቃቸውን ሊያፍኑ ነው ብዬ አሰብኩ።

ያን ቀን ከሰዓት ደወሉ ከነማሩ ቦንጋ ገባ። መንጠቆው ላይ ሲሰቀል ልክክ አለ። ጋሽ ኮጪቶ ደወሉት። ከተማው እሳት የተነሳ መስሎት ግልብጥ ብሎ መጣ። ማር ወይዘሮ ሰናይት ጫማ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እናቴ ሕዝቡን ሰንጥቃ ደርሳ ፊቴን አየችና «ወይኔ ልጄን! ጴንጤ ሲሆኑ ፊት ያብጣል እንዴ?» ብላ ጮኸች። ኮሚቴው እዚያው ቆሞ ወሰነልን። በመጪው ዓመት ልጆቹ የሚያፈስ ጣሪያ አላዩም።

ማታ ጋሽ ኮጪቶን ስሸኝ «ሳያስሉ ለምን ለቀቁት?» አልኳቸው።

«አልለቀቅኩም» አሉ።

«እጅዎ ከድቶዎት ነው።»

«ይሆናል» አሉና ኪሳቸውን ዳበስ አደረጉ።

ምደባዬ መጣ፣ ጅማ። ሻንጣዬ የተሰናዳ ነበር። ግን ጠዋት ደወሉ ሲደወል ልጆቹ ማዳበሪያ የሚሸት ክፍላቸውን በውኃ እያጠቡ ሲያስካኩ ሰማሁና ሻንጣውን ፈታሁ። ጴንጤም አልሆንኩም። ዛሬም የማርያምን ጽዋ ከባለቤቴ ጋር እጠጣለሁ፤ ልጆቼ ግን ፊደል የቆጠሩት እዚያ ነው፣ እኔም ጡረታ የወጣሁት ከዚያ ነው።

የአቶ ወዳጆ ነገር ግን የከተማው ቀልድ ሆኖ ቀረ። ሰው ዓይን ያወጣ ውሸት ሲዋሽ «ደወሉን እኔ ነኝ ያቆየሁት አትለንም?» ይባላል። በበዓሉ ላይ ቃላቸውን በድምፃቸው እያስመሰልኩ አወራለሁ። እሳቸውም ከፊት ተቀምጠው ከሁሉ በላይ ይስቃሉ።

ጋሽ ኮጪቶ ካረፉ በኋላ ነው። ለበዓሉ ወንበር ልዋስ አቶ ወዳጆ ቤት ሄድኩ። ጡረታ ወጥተው በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ አንድ አሮጌ የካኪ ጃኬት አጥሩ ላይ አስጥታለች። አንዱ እጅጌ የደበዘዘ ካኪ ነው። ሌላው ጠቁሯል፣ ሰም ጠጥቶ ደርቋል፣ ትከሻው ላይ በአዲስ ክር ተሰፍቷል።

«ይህ እጅጌ ምን ነክቶት ነው?» አልኩ።

«አባቴ ሲሞቱ ሳጥናቸው ውስጥ አገኘሁት» አለች እትዬ አልማዝ። «እሱ ደግሞ አንድ እጅጌ የሌለውን ጃኬት ለምን እንደማይጥል ጠይቄው ነግሮኝ አያውቅም። ሳገጥመው ልክ መጣ።»

ያ በጋሽ ኮጪቶ እጅ ሲገላበጥ ያየሁት ጨርቅ ካኪ ነበር። ጋሽ ኮጪቶ ግን ምላሱን የጠቀለሉት በኮባ ነበር! አቶ ወዳጆ ፊቴን አይተው ሳቁ።

«ገና አሁን ገባህ?» አሉ። «በተጋባን ዓመት ቀፎው ለምን እንዲህ ከበደ ብዬ ከኋላ ከፈትኩት። ኮባው በስብሶ ነበር። ገና እጄ ሲነካው ደወለ! በደርግ ዘመን፣ ዛፍ ላይ፣ እኔ ሹሙ፣ ቤተ ክርስቲያን ደወልኩ! ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። እጅጌዬን ቀድጄ አፈንኩት። በማግስቱ ስብሰባ በአንድ እጅጌ ገባሁ።»

«ለምን አልነገሯቸውም?»

ፈገግታቸው ቀስ ብሎ ጠፋ። «አማቴ ናቸው። አምነውኝ እስኪጠይቁኝ ጠበቅኩ። ሳይጠይቁኝ ብናገር፣ እንዳላመኑኝ ማወቄን መንገር ነው። እሳቸውም ዝም፣ እኔም ዝም። ለኮሚቴው ብመሰክር ለአማቱ አደላ ይባላል፣ ቤቱም ይቀራል፤ ለዚህ ነው ድርቅ ያልኩት። በመጨረሻ አንተ መጥተህ ስለ ማር ስትለፈልፍልኝ፣ እሳቸው እንደላኩህ ገባኝ። በሰውም ቢሆን ጠየቁኝ አልኩ። ከላይ ሆኜ ቋጠሮውን ፈታሁት።»

«ታዲያ እኛ ይህን ሁሉ ዓመት ስንስቅብዎት?»

«ተዋቸው ይሳቁ፤ እኔ ካልሞትኩ እንዳትናገር። የሰውን በዓል አታበላሽ» አሉና ወንበሮቹን ቁጠር አሉኝ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ያ ጎረምሳ ሹሙን ሸወድኩ ብሎ ከቀበሌው በር ሲዘል አስቡት፤ ሹሙ በመስኮት እያዩት ነበር። እኔ ከዚያ ወዲህ ሰው «እኔ ነኝ» ሲል ቶሎ አልስቅም፤ መጀመሪያ እጅጌውን አያለሁ። ዘንድሮ የአቶ ወዳጆ የፊት ወንበር ባዶ ነው። እትዬ አልማዝ ጃኬቱን ሰጥታኛለች፤ ለብሼው ማይኩን እይዛለሁ። የደወሉ ወሬ ላይ ስደርስ ሕዝቡ እንደ ልማዱ ይስቃል፤ ትንሽ እንዲስቅ እተወውና ከዚያ የጠቆረው እጅጌ ያለበትን ክንዴን ከፍ አደርጋለሁ።